የምበላው አለቀ፣ ሕመሜ ግን አላለቀም

ጥያቄ፦

«34 ዓመቴ ነው። ሆዴን እየቆረጠ ያመኝ፣ ይነፋኝ፣ አንዴ ሲያደርቀኝ አንዴ ሲያስቀምጠኝ ስለነበር ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አይቢኤስ የሚባል የአንጀት መቆጣት ነው ተባልኩ። አንድ የታተመ ዝርዝር ተሰጠኝና ስንዴ፣ ወተት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥራጥሬ አቆምኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆንኩ። ከዚያ ግን ሕመሙ መመለስ ጀመረ። በተመለሰ ቁጥር የዚያን ቀን የበላሁትን አንድ ነገር እሰርዛለሁ፤ እንቁላል ሄደ፣ ቲማቲም ሄደ፣ ሙዝና ቡና ሄዱ፣ ዓሣም ሄደ። ቀጥሎ ገንዘብ ከፍዬ የደም ምርመራ ባደርግ ሠላሳ የሚሆኑ ምግቦች አይስማሙሽም የሚል ወረቀት መጣልኝ። ዛሬ የምበላው አሥራ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ። ሁልጊዜ ይበርደኛል። ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ ምግብ ነው። እናቴ ዘንድ ስሄድ ምግቤን ይዤ ስለምሄድ ተቀይማኛለች። ባለቤቴ ‹ይሄ በሽታ ሳይሆን አባዜ ነው› ይለኛል። እህቴ ደግሞ አንጀት የሚያጥብ ዱቄት ካልጀመርሽ እያለች ትወተውተኛለች። ከዚህ በላይ ልጠንቀቅ ወይስ ሁሉንም ልተወው? አንቺ ብለሽ ብትመልሺልኝ ደስ ይለኛል።

የደከመችው»

መልስ፦

እህቴ፣ ከዚህ በላይ አትጠንቀቂ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መተውም አያስፈልግሽም። የጀመርሽው ሕክምና ትክክለኛ ሕክምና ነበር፤ ችግሩ መሃል መንገድ ላይ መቆምሽ ነው። የቀረውን ግማሽ እንዴት እንደምትሄጂ ከታች እጽፍልሻለሁ። ነገር ግን ሳታስቢው የወረደ ዘጠኝ ኪሎ ቀልድ ስላልሆነ፣ ምንም ነገር ከመጀመርሽ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብሽ።

አስቀድሜ ባለቤትሽን ልመልስ። በምግብ በሽታን መግራት አባዜ አይደለም። ዊለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም፣ ሴሊያክ የሚባለውን የአንጀት በሽታ የሚቀሰቅሰው ስንዴና መሰሎቹ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው የምርምር ጽሑፍ አሳይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በአገሩ ዳቦ በጠፋበት የረሃብ ክረምት ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት አለመባባሳቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ እንደገና መታመማቸው ለሐሳቡ ትልቅ ማጠናከሪያ ሆኖት ነበር። ዛሬም ለሴሊያክ ያለው ሕክምና ምግብ ነው፤ ዕድሜ ልክ፣ ያለ አንዳች ማላላት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ዳሽ የተባለ የአመጋገብ ጥናትም አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ውጤት የበዛበት ምግብ ግፊት ያለባቸውን ሰዎች የላይኛውን ቁጥር በ11 ነጥብ ገደማ እንደሚያወርድ አሳይቷል። ይህ አንድ ክኒን ከሚያወርደው የሚተናነስ አይደለም። በሦስት ሳምንት ሌላ ሰው የሆንሽውም በምናብሽ አይደለም።

ባለቤትሽ ያልተሳሳተበት ነገር ግን አለ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ከውጭ ሆኖ እያየ ነው።

የተሰጠሽ ዝርዝር በሙያው ፎድማፕ የሚባሉትን ነገሮች የሚቀንስ አመጋገብ ነው፤ የወጣውም ሜልበርን ከሚገኘው የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፎድማፕ የሚባሉት ትንሹ አንጀት በቅጡ የማይመጥጣቸው አጫጭር የካርቦሃይድሬት ዓይነቶች ናቸው። በስንዴ፣ በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ፍሩክታን አለ፣ በወተት ውስጥ ላክቶስ፣ በማርና በፖም ውስጥ የተትረፈረፈ ፍሩክቶስ፣ ስኳር አልባ በሚባሉ ማስቲካዎች ውስጥ ደግሞ ሶርቢቶልና ዘመዶቹ፤ ጥራጥሬም የራሱ አለው። እነዚህ ነገሮች ውሃ ወደ አንጀት ይስባሉ። ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ሲደርሱም እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይቀራመቷቸውና ጋዝ ይወጣል። ይህ በእኔም፣ በባለቤትሽም፣ በሁሉም ሰው ሆድ ውስጥ ይሆናል። አንቺን የሚለይሽ የአንጀትሽ ነርቮች ያንን መወጠር ከሌላው ሰው አብልጠው መስማታቸው ነው። ሌላው ሰው ቀበቶውን አላልቶ የሚያልፈውን አንቺ እንደ ቁርጠት ትሰሚዋለሽ።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። ሴሊያክ ያለበት ሰው የዳቦ ፍርፋሪ ሲበላ ምንም ባይሰማውም አንጀቱ ይጎዳል። አንቺ ያለብሽ አይቢኤስ ብቻ ከሆነ ግን ሽንኩርት በልተሽ ሌሊቱን ሙሉ ብትሰቃዪ እንኳ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ አንጀትሽ ግን አልቆሰለም። አልተቃጠለም። ወደ ሌላ በሽታም እየተቀየረ አይደለም። የሴሊያክ ጥብቅነት የሚጠብቀው አካልን ነው፤ ያንቺ የሚጠብቀው ምቾትን ነው። ምቾት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በልክ መደራደር ይቻላል። ሩብ ሽንኩርት የማይነካው ሰው አንድ ሙሉ ሽንኩርት ሊያስለቅሰው ይችላል። አንቺ ጥያቄውን «ይስማማኛል ወይስ አይስማማኝም» ብለሽ ነው የያዝሽው። መያዝ የነበረበት «ምን ያህሉ ይስማማኛል» ተብሎ ነው።

ለዚህም ነው ይህ አመጋገብ ከመነሻው በሦስት ደረጃ የተሠራው። ጥብቁ ደረጃ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፣ ከዚያ በላይ እንዲቆይ አልታሰበም። ቀጥሎ የተከለከለው ሁሉ አንድ በአንድ፣ በመጠን እየተለካ ይመለሳል። በሦስተኛው ደረጃ የሚቀረው የሚያስቸግርሽ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም በሚያስቸግርሽ መጠን ብቻ። አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ መጀመሪያው ላይ ነሽ። ወረቀቱን የሰጡሽ ሰዎች ይህን ካልነገሩሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ብዙ ቦታ «አትብዪ» የሚለው ገጽ ይታተማል፣ «መልሺ» የሚለው ገጽ ይቀራል። ጥብቁን ደረጃ ማራዘም ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት የአንጀት ጠቃሚ ነዋሪዎች ምግባቸው ያው ፎድማፕ ስለሆነ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ከወተቱ ጋር ካልሲየም፣ ከጥራጥሬውና ከስንዴው ጋር አሰር አብረው ይሄዳሉ፤ አሰር ሲያንስ ደግሞ ድርቀቱ ይብሳል።

ታዲያ ሕመሙ ለምን ተመለሰ? አይቢኤስ ተፈጥሮው መምጣትና መሄድ ነው። እንቅልፍ ያጣሽበት ሳምንት፣ የሥራ ጭንቀት፣ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ያሉት ቀናት፣ ለጉንፋን የተዋጠ አንቲባዮቲክ፣ ሁሉም ሊያስነሱት ይችላሉ። አንቺ ግን በተነሳ ቁጥር የምትፈልጊው ሳህኑ ላይ ብቻ ነው፤ ሳህን ላይ ደግሞ ተከሳሽ ጠፍቶ አያውቅም። መጨረሻ የተበላው ይያዛል፣ ሳይጠየቅ ይፈረድበታል፣ ይባረራል። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲያልፍ ፍርዱ ትክክል የነበረ ይመስላል። እስኪ ከሰረዝሻቸው ውስጥ እንቁላልንና ዓሣን እንያቸው። ሁለቱም ፎድማፕ የላቸውም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በደህና እንድታልፊ የረዳሽ መንገድ እነዚህን አይከለክልም፤ ስለዚህ የተሰረዙት በሌላ ምክንያት ነው፣ ያም ምክንያት የቀኑ መጥፎነት ይመስለኛል።

ሰዓቱም ያሳስታል። የሚቦካው ምግብ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጅበታል። ምሳ በልተሽ ሳትነሺ የጀመረሽ ቁርጠት የምሳው ሳይሆን የቁርሱ ወይም የትናንት ማታው ሊሆን ይችላል። ወይም የምግቡ ዓይነት ጨርሶ ነገሩ ውስጥ የለበትም። ምግብ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት እንዲኮማተር የሚያደርግ የተፈጥሮ ምላሽ አለ፣ አይቢኤስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይበረታል። ያን ጊዜ የሚያስነሳው መብላቱ ራሱ ነው፤ ሩዝም ብትበዪ ያው ነው። (ማይግሬን ያለባቸው አንባቢዎቼም ይህን ልብ በሉት። ቸኮሌት ራሴን አስነሳብኝ ከሚሉት አንዳንዶቹ ቸኮሌቱ ያማራቸው ማይግሬኑ ሳይታወቃቸው አስቀድሞ ስለጀመረ ነው።)

ይህን ስል ሕመምሽ ከጭንቅላትሽ ነው እያልኩሽ አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2018 በኖርዌይ ተሠርቶ የወጣ አንድ ጥናት ልንገርሽ። ሴሊያክ የሌለባቸው፣ ግን ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ያመናል ብለው ስንዴ ያቆሙ 59 ሰዎች ተሰበሰቡ። አንድ ሳምንት ግሉተን ያለበት፣ አንድ ሳምንት ፍሩክታን ያለበት፣ አንድ ሳምንት ደግሞ ሁለቱም የሌሉበት የእህል ብስኩት ተሰጣቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። 24ቱ አብዝቶ ያመማቸው የፍሩክታኑ ሳምንት ነበር። ግሉተኑ አብዝቶ ያመማቸው 13 ብቻ ናቸው። የቀሩት 22 ሰዎች ከሁሉም የባሰባቸው ምንም ያልተጨመረበት ሳምንት ነበር። ሰዎቹ አላስመሰሉም፤ ሆዳቸው በእውነት አሟቸዋል። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተሳሰሩ ናቸውና ያመኛል ብሎ መጠበቅ በራሱ አንጀትን ያስኮማትራል። ሁለት ዓመት በፍርሃት የበላ ሰው ይህ እንዴት አይደርስበትም?

አሁን ከደብዳቤሽ አብዝቶ ወዳሳሰበኝ ቦታ ልምጣ። ሁልጊዜ ይበርደኛል፣ ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ ምግብ ነው ብለሻል። እነዚህን ከሕመሙ ጋር ደምረሽ ነው የጻፍሻቸው። እኔ ግን የረሃብ ምልክቶች አድርጌ ነው ያነበብኳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን፣ በፈቃዳቸው፣ ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን ቀንሶ አቆይቷቸው ነበር። የሚበሉት በቀን ወደ 1,600 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው ለመክሳት ብሎ በፈቃዱ ከሚበላው ብዙም አይርቅም። ሰዎቹ በበጋ ሳይቀር ይበርዳቸው ጀመር። ደከሙ፣ ተነጫነጩ፣ ሐሳባቸውን መሰብሰብ አቃታቸው፣ ከሰው መቀላቀል ጠሉ። ከምግብ በቀር ሌላ የሚያወሩት ጠፋ፤ ምግብ ማብሰል ደንታ ያልነበራቸው ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። አንዳቸውም ከዚያ በፊት ስለ ምግብ አብዝተው የሚጨነቁ ሰዎች አልነበሩም። አባዜውን ያመጣው ረሃቡ ነው። ለባለቤትሽ የምትነግሪው ካለ ይህን ንገሪው።

ሌላም አለ። ሰው ሲራብ ጨጓራው ምግብ የሚያሳልፍበት ፍጥነት ይዘገያል፤ አንጀቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጥቂት ከበላሽ በኋላ የሚነፋሽ፣ የጠገብሽ የሚመስልሽ፣ የሚያደርቅሽ ነገር በከፊል ከማነሱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሌላ ምግብ ትሰርዣለሽ፣ ደግሞ ይብሳል፣ ደግሞ ትሰርዣለሽ። አሥራ አንድ ላይ የደረስሽው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ በዚሁ ከቀጠልሽ ዘጠኝም ሰባትም ላይ ትደርሻለሽ።

ሠላሳ ምግብ የዘረዘረውን ወረቀት ቅደጂው። እንዲህ ረጅም የ«አይስማሙሽም» ዝርዝር ይዘው የሚመጡት ምርመራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት አይጂጂ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱ ደግሞ ሰውነትሽ ያን ምግብ እንደሚያውቀው ብቻ ነው የሚናገረው። አዘውትረሽ የምትበዪው ነገር ከፍ ብሎ ቢታይ አይገርምም። የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን ምርመራ ምግብ አይስማማኝም ለሚል ሰው እንዳይጠቀሙበት በግልጽ መክሯል። ወረቀቱ ላይ ያየሽው ስም ሁሉ ያለ ፈተና ወደ ሳህንሽ የመመለስ መብት አለው።

ወደ ሐኪሙ እንሂድ። የሄድሽበት ቀን «አይቢኤሴ ብሶብኛል» ብለሽ አትጀምሪ፤ የድሮውን ስም ስትጠሪ የድሮው መልስ ይመጣል። «ሳላስበው ዘጠኝ ኪሎ ወርጃለሁ፣ ይበርደኛል፣ የምበላው ይህን ብቻ ነው» በይና አሥራ አንዱን ጽፈሽ አሳይ። የደም ማነስ፣ የአይረን፣ የቢ12፣ የቫይታሚን ዲ እና የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ። ብርዱ ከታይሮይድም ሊመጣ ይችላልና በእኔ ግምት ብቻ አትተይው። በሰገራ ውስጥ ካልፕሮቴክቲን የሚባል ነገር የሚለካ ምርመራ አለ፤ አንጀት ውስጥ እብጠትና ቁስለት ያለበትን በሽታ ከአይቢኤስ ለመለየት ይረዳል። ሰገራ ላይ ደም ካየሽ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ወይም ከቤተሰብሽ የአንጀት ካንሰር ወይም ሴሊያክ ያለበት ሰው ካለ ይህንንም ሳትጠየቂ ተናገሪ።

የሴሊያኩን ነገር ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መጀመሪያ ስትታመሚ፣ ስንዴ ሳታቆሚ በፊት፣ የሴሊያክ የደም ምርመራ ተሠርቶልሽ ነበር? ካልተሠራልሽ አሁን ቢሠራ ነጻ ነሽ የሚለው ውጤት አያስተማምንም። ምርመራው የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካል ስንዴ ካቆሙ በኋላ በወራት ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል። ሐኪሙ ለሳምንታት በየቀኑ ስንዴ በልተሽ እንድትመረመሪ ሊያዝሽ ይችላል። ወይም መጀመሪያ የዘር ምርመራ ያደርግልሻል፤ ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የሚባል የዘር ምልክት ስላላቸው፣ አንቺ ሁለቱም ከሌለሽ በሽታው የለብሽም ብሎ መዝጋት ይቻላል። ይህ ምርመራ ስንዴ ብትበዪም ባትበዪም አይለወጥም። ይህ እስኪለይ ድረስ ስንዴን ባለበት ተዪው።

ሌላው ግን ሐኪሙ አይቶሽ ከፈቀደ በዚያው ሳምንት መጀመር ይችላል። ብትችዪ የሥነ ምግብ ባለሙያ ከጎንሽ ይኑር፤ ክብደትሽ በጣም ዝቅ ብሎ ከሆነ ደግሞ ባለሙያው ግዴታ ነው፣ ብዙ የተራበ ሰው ምግብ የሚጨምረው በጥንቃቄ ነውና።

መመለሱን ከእንቁላልና ከዓሣ ጀምሪ። ከላይ ባልኩሽ ምክንያት ሊያሳምሙሽ የሚችሉበት ዕድል ጠባብ ነው፣ በዚያ ላይ ሰውነትሽ የሚለምነው ፕሮቲንና ቢ12 አለባቸው። (ከዚህ በፊት ከንፈርሽን ያሳበጠሽ፣ ሽፍታ ያወጣብሽ ወይም ትንፋሽ ያሳጠረሽ ምግብ ካለ ይህ ሁሉ አይመለከተውም። ያ አለርጂ ነው፤ በቤት አይሞከርም።) እነዚህን ስትለምጂ ወደ ፎድማፖቹ እለፊ። አንዱን ስትሞክሪ የቀረው ምግብሽ ባለበት ይቆይ። ወተትን ብንወስድ፣ መጀመሪያ ቀን ሩብ ኩባያ፣ በማግስቱ ግማሽ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ኩባያ ጠጪና ሁለት ሦስት ቀን አርፈሽ ተመልከቺ። ላክቶስ በቅጡ የማይፈጭላቸው ሰዎች እንኳ አብዛኞቹ አንድ ኩባያ ወተት ከምግብ ጋር ቢጠጡ ይችሉታል፣ ጠንካራ አይብ ደግሞ ላክቶስ ከሞላ ጎደል የለውም። ስለዚህ ከወተት ቤተሰብ ጨርሶ የምትባረሪበት ምክንያት ያለ አይመስለኝም።

ነጭ ሽንኩርት የናፈቀሽ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ፍሩክታን በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም። ሙሉውን ፍሬ በዘይት ላይ አግለሽ፣ ፍሬውን አውጥተሽ ጥለሽ፣ በዘይቱ ብቻ ብታበስዪ ጣዕሙ ይመጣል፣ ፍሩክታኑ አይመጣም። ውሃ ያለበት ወጥ ውስጥ ቀቅሎ ማውጣት ግን አይሠራም፤ ውሃው ይዞታል። ዘይቱን በዚያው ዕለት ጨርሺው፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ሲቆይ አደገኛ መርዝ የሚያመርት ባክቴሪያ ሊያበቅል ይችላል። ጥራጥሬም እንዲሁ ነው፤ ተቀቅሎ በቆርቆሮ የታሸገው ፎድማፑ ከፊሉ ወደ ውሃው ስለሚወጣ፣ ውሃውን ደፍተሽ አጥበሽ ሁለት ማንኪያ ከመብላት ብትጀምሪ ራስሽ ካዘጋጀሽው ይልቅ ሊቀልሽ ይችላል።

ማስታወሻ ያዢ፤ ነገር ግን የበላሽውን ብቻ አትጻፊ። የእንቅልፍ ሰዓት፣ የወር አበባ ቀን፣ የዋልሽበት ውሎ፣ ስንት ሰዓት በልተሽ ስንት ሰዓት እንዳመመሽ፣ ሁሉም ይኑርበት። ያለበለዚያ ማስታወሻው መልሶ ያንኑ ሳህን መክሰሻ ይሆናል። ሌላ ሕግም እጨምርልሻለሁ። አንድ መጥፎ ቀን ምግብ አያሰርዝም። ትንሽ መነፋት መውደቅ አይደለም። አንድ ምግብ ወደቀ የሚባለው፣ ደህና በሆኑ ሳምንታት፣ በተለያየ ጊዜ ሞክረሽው፣ በተመሳሳይ መጠን ደጋግሞ ሲያምሽ ነው። ያኔም ወርደሽ በግማሹ ትሞክሪያለሽ። ከወራት በኋላ ደግሞ እንደገና፤ የአንጀት ልክ ይለወጣል።

ምግብ ብቸኛው መሣሪያም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ሞናሽ ውስጥ አይቢኤስ ያለባቸውን ሰዎች ከፍለው ለአንዳንዶቹ የፎድማፕን አመጋገብ፣ ለሌሎቹ በአንጀት ላይ ያተኮረ የሂፕኖሲስ (ሰውን በጥልቅ ዘና አድርጎ በቃል የመምራት) ሕክምና ቢሰጡ፣ በሁለቱም በኩል ከአሥሩ ሰባቱ ገደማ ተሻሽለዋል። የሂፕኖሲሶቹ አንድም ምግብ ሳይሰርዙ ማለት ነው! ለቁርጠቱ፣ ለድርቀቱና ለተቅማጡም መድኃኒቶች አሉ። ሐኪምሽን ጠይቂ፤ መድኃኒት መውሰድ በአመጋገብ መሸነፍ አይደለም። ለሌሎች አንባቢዎቼ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ልበል። ለስኳር ወይም ለግፊት ብላችሁ ምግባችሁን ያስተካከላችሁ፣ ቁጥሩ ቢያምርም ክኒኑን ራሳችሁ አታቁሙ። የሚቀንሰው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ስለ እናትሽ። እናት ልጇ የራሷን ሳህን ይዛ ስትመጣ የምታየው አይቢኤስን አይደለም፤ እጄን ናቀችው ብላ ነው የምትረዳው። ፎድማፕ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አትድከሚ። ሥራ ስጫት። «እማ፣ ሐኪሙ ምግብ መልሼ እንድለማመድ አዞኛል፣ እንቁላሉን ካንቺ ቤት ልጀምር፣ ሽንኩርት ሳታስገቢ ብቻ ሥሪልኝ» በያት። ከተቀየመች እናት እጅ የሚበላ ነገር እንኳን አንቺን ጤነኛውንም ሰው ስለሚያንቀው፣ ይህን ከሙከራው ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመሽ ንገሪያት። ባለቤትሽን ደግሞ «አባዜ» የሚለውን ቃል እንዲተውና በምትኩ አብሮሽ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ጠይቂው። ኪሎሽ ሲወርድ ያየ ሰው ነው፤ ሐኪሙ ከእሱም መስማት ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለራስሽ መልሺው። ሐኪሙ ፈቅዶልሽ፣ ባለሙያው ሩብ ኩባያ ወተት ጠጪ ቢልሽ፣ እጅሽ ኩባያውን ያነሳል? ሆድሽ ደህና በሆነበት ሳምንት ስለሚያምሽ ሳይሆን ስለምትፈሪ ብቻ የማታነሺው ከሆነ፣ ወይም የተከለከለ ነገር ቀምሰሽ ቀኑን ሙሉ ራስሽን ስትከስሺ የምትውዪ ከሆነ፣ የምግብ ፍርሃቱ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኗል ማለት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስቲቨን ብራትማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1997 ኦርቶሬክሲያ ብሎ ስለ እሱ ጽፏል፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም እንዳንቺ ባለ ጥሩ ምክንያት ነው። ያኔ ከሥነ ምግብ ባለሙያው ጎን የምግብ ፍርሃትን የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልግሻል። ይህንንም ለሐኪሙ በዚያው ቀጠሮ ንገሪው፤ ለሌላ ጊዜ አታሳድሪው።

የእህትሽን ዱቄት አትጀምሪው። አንጀት ያጥባሉ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ዱቄቶችና ሻዮች ውስጥ ያለው ሰና ወይም መሰል የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። የሚያጥበው ቆሻሻ የለም፤ የሚወጣው ውሃና ፖታሲየም ነው፣ አንቺ ደግሞ አሁን የምታወጪው ትርፍ ነገር የለሽም። ገዝታልሽ ከሆነ አመስግነሽ ተቀበያትና ለሐኪሙ ወስደሽ አሳዪው፤ አስቀድመሽ ወስደሽው ከሆነም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ንገሪው፣ የደም ምርመራውን ሲያነብ ያስፈልገዋል።